አያቴ በእርግጥ «ኢትዮጵያ» መርከብ ላይ ነበር? ከቃሉ ወረዳ የወጡ ሁለት ባሕርተኛ ወንድማማቾችን ታሪክ እንዴት ላጣራ?

ጥያቄ፦ የሐርቡ ልጅ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ተወልጄ ያደግኩት ሐርቡ ነው፤ አሁን ኮምቦልቻ እሠራለሁ። የአባቴ አባት፣ አባባ የምንለው፣ ባሕርተኛ ነበር። ቦርከና ዳር ጥጃ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ እንዴት ምፅዋ ድረስ ወርዶ መርከብ ላይ እንደወጣ ቤታችን ውስጥ ሳይነሳ የሚያልፍ ዒድ የለም። ታናሽ ወንድሙም እሱን ተከትሎ ባሕር ኃይል ገባ። አያቴ በኋላ ወደ ንግድ መርከብ ተዛውሮ ሠርቶ፣ አገሩ ገብቶ በ1984 ዓ.ም. አረፈ። ታናሽየው ግን ግንቦት 1983 ከመርከቦቹ ጋር የመን ገብቷል ከተባለ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ቤተሰቡም ሞቷል ብሎ ሰደቃ አውጥቶለታል።

ያሉኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። አንደኛው ፍሬም ውስጥ ያለ ፎቶ ነው። አባባ ነጭ ልብስ ለብሶ መርከብ ፊት ቆሟል፤ በመርከቡ አፍንጫ ላይ የላቲን ኤ እና ዜሮ ይታያል፣ ቀጥሎ ያለውን ትከሻው ሸፍኖታል። ፎቶው መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። ሁለተኛው የባሕር ኃይል መታወቂያው ነው፤ የተቀጠረበት ዘመን 1957 ይላል። ሦስተኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የንግድ መርከበኛ ደብተር ነው፤ የተወለደበት ዓመት 1945 ይላል። እንግዲህ በ12 ዓመቱ ተቀጠረ ማለት ነው? አጎቴ «ዕድሜውን ዋሽቶ ነው» ይላል። አራተኛው አባባ ከሞተ በኋላ ከሐጅ የተመለሰ ሰው ለሴት አያቴ ለእምየ ያመጣላት መስገጃ ነው። ውስጡ በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀት ነበረ፤ እምየ ዱዓ ነው ብላ እስካሁን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ለማንም አሳይታ አታውቅም፤ ባለፈው ሳምንት ነው ለእኔ የፈታችልኝ።

እምየ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ባሕርንም በዓይኗ አይታ አታውቅም። ግን «መርከቧን ከአሜሪካ ካመጧት አንዱ እሱ ነው» ትላለች፤ «ለጃንሆይ ሻይ አቅርቧል» ትላለች፤ «በ66ቱ ክፉ ቀን ከምፅዋ በላከው ብር ሦስት ጎረቤት አድሯል» ትላለች። እሷ ሳለች ጽፌ ለልጆቹ ሁሉ ማካፈል እፈልጋለሁ፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ መጻፍ ግን አልፈልግም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጡረተኛ ባሕርተኛ፣ ደሴ

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከወሎ የወጣን ብዙ ነበርን። ደጋ ያደገ ልጅ ሐምሌ ላይ ምፅዋ ሲገባ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ መጀመሪያ የሚያመው ባሕሩ አይደለም፣ አየሩ ነው።

ከፎቶው እንጀምር። ቁጥሩ በኤ ከጀመረና ዜሮ ከተከተለው «ኢትዮጵያ» ናት፤ የእሷ ቁጥር ኤ 01 ነበር። የጥበቃ ጀልባዎቻችን ቁጥር በፒሲ ነው የሚጀምረው፤ ከእነሱ ጋር አይምታታብሽ። መርከቧ በአሜሪካ ባሕር ኃይል «ኦርካ» ትባል ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓስፊክ ላይ በባሕር የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ትደግፍ የነበረች ናት። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ የተሰጠችው በጥር 1954 ዓ.ም. ነው፤ ዋና መርከባችንም የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛም ሆና ኖራለች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በይ፤ አያትሽ የተቀጠሩት በ1957 ከሆነ መርከቧን ከአሜሪካ ሊያመጧት አይችሉም፤ ሦስት ዓመት ቀድማቸው ገብታለች። እምየ ዋሸች ማለት ግን አይደለም። እኛ ምፅዋ ሳለን የድሮዎቹ የነገሩንን ጉዞ እየተቀባበልን ስንተርክ የራሳችን ያህል ነበር የምናወራው። እኔ ራሴ በ1963 ገብቼ፣ መርከቧ ስትመጣ ያየሁ ይመስል ለልጆቼ አውርቼላቸዋለሁ።

የሻዩን ነገር ግን አልጥለውም። ጃንሆይ ለባሕር ኃይል ቀን ምፅዋ ይወርዱ ነበር፤ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ለበዓሉ ይመጡ ነበር። በዚያ ቀን ማን ምን እንዳቀረበ ወረቀት አይነግርሽም። «እምየ እንደምትለው» ብለሽ ጻፊው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አያትሽ ጥጃ ሲያስሩ ቋጠሯቸው እንዴት ነበር?

የሐርቡ ልጅ

ሱብሓነላህ! ጋሼ፣ ይህን እንዴት ጠየቁኝ? አባቴ እስከ ዛሬ ጥጃ የሚያስረው «የአባባ ቋጠሮ» በምንለው ነው። ገመዱ ላይ ትንሽ ዓይን ይሠራል፤ ጫፉን ከሥር በዓይኑ አውጥቶ፣ በዋናው ገመድ ጀርባ አዙሮ፣ መልሶ በዚያው ዓይን ያስገባና ይጎትታል። ጥጃው ቢጎትት ቢንፈራገጥ አንገቱን አያንቀውም፤ ማታ ደግሞ በአንድ አውራ ጣት ይፈታል። ጎረቤቶቻችን ይህን አይችሉም። እኔ የተማርኩት በሰባት ዓመቴ ነው።

ጡረተኛ ባሕርተኛ፣ ደሴ

ቦውላይን ነው የሚባለው። ከኖርዌይ የመጡት መኮንኖች ባቋቋሙት ሥልጠና መጀመሪያ የምንማረው እሱን ነበር፤ በጨለማ፣ እጃችንን ወደኋላ አድርገን እንድንቋጥር ያስገድዱን ነበር። ልጄ፣ ይህንንም ጻፊው፤ እንደውም ከፎቶው አስቀድሚው። እንዴት እንደሚቋጠር አባትሽን በቪዲዮ ቅረጪው፤ ፊቱን ሳይሆን እጁን።

አሁን ደግሞ የማይወደድ ነገር ልናገር። ፎቶው ብቻውን በዚያች መርከብ ላይ አገለገለ ማለት አይደለም። ምፅዋ የነበርን ሁሉ «ኢትዮጵያ» ፊት ቆመን ተነሥተናል፤ ለእናት የሚላከው ፎቶ እሱ ነበር። የት እንደተመደቡ የሚነግርሽ ማኅደር ነው። እምየ የጡረታ ደብተር አላት?

የሐርቡ ልጅ

አላት፤ በባሏ ነው የምትቀበለው፣ ከንግድ መርከቡ።

ጡረተኛ ባሕርተኛ፣ ደሴ

እንግዲያው በር አለሽ። የባሕር ትራንስፖርት ድርጅቱ የመንግሥት ተቋም ስለሆነ፣ ጡረታው ሲወሰን የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ ተያይዟል። የባሕር ኃይል ዘመኑ ተደምሮለት ከሆነ ያም እዚያው ማኅደር ውስጥ ይገኛል። እምየ ራሷ አመልካች ሆና፣ የጡረታ ደብተሯንና መታወቂያዋን ይዛ፣ ለማኅበራዊ ዋስትና ጽሕፈት ቤቱ «የሟች ባለቤቴ የአገልግሎት ማስረጃ ግልባጭ ይሰጠኝ» ብላ ታመልክት። አንቺ ብትጠይቂ ወራሽነትሽን አረጋግጪ ይሉሻል፤ እሷ ግን ባለመብት ናት። የንግድ መርከበኛ ደብተሩንም ገጽ በገጽ እዪው። በየትኛው መርከብ፣ ከየትኛው ወደብ ተነሥቶ፣ መቼ እንደወረደ በማኅተም የተመዘገበበት ነው። ጉዞው በሙሉ እዚያ ላይ አለልሽ።

መልስ፦ አስተማሪው ከባቲ

እህቴ፣ የ12 ዓመቱ ቅጥር እንቆቅልሽ ቀላል ነው፤ አጎትሽም አያትሽን በከንቱ አምቷቸዋል። ሁለቱ ወረቀቶች የሚቆጥሩት በሁለት አቆጣጠር ነው። የባሕር ኃይሉ መታወቂያ 1957 ያለው በእኛ ነው። የንግድ መርከበኛ ደብተር ግን በየአገሩ ወደብ ስለሚታይ በፈረንጅ ነው የሚሞላው፤ 1945 በእኛ 1937 ወይም 1938 ነው፣ እንደ ወሩ። ስለዚህ ሲቀጠሩ 19 ወይም 20 ዓመታቸው ነበር። ቀን በምትጽፊበት ቦታ ሁሉ አቆጣጠሩን ከጎኑ ጻፊ፤ የልጅ ልጆችሽ ደግሞ በዚሁ ጉድጓድ እንዳይወድቁ።

እምየን ስትጠይቂ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበያት። የገጠር ሰው ዘመን የሚቆጥረው በነገር ነው። «የ66ቱ ድርቅ ሲገባ አባባ የት ነበር? ጃንሆይ ሲወርዱስ? መሬት ላራሹ ሲታወጅ ደብዳቤ መጥቶልሽ ነበር? በ77 የእርዳታው እህል ከአሰብ ሲመጣ እሱ መርከብ ላይ ነበር ወይስ ቤት?» ብለሽ ጠይቂያት። ከእያንዳንዱ ልጅ መወለድ ጋርም አያይዢው፤ እናት ልጇን ስትወልድ ባሏ የት እንደነበረ አትረሳም።

ስለ መቅዳቱ ደግሞ እኔ የተሳሳትኩትን ልንገርሽ። የገዛ እናቴን ቡና ሲወቀጥ ቀዳኋት፤ ዛሬ ስሰማው ሙቀጫው ነው የሚሰማኝ። አንቺ አቦልና ቶናው አልፎ በበረካው ቅጂ። ስልኩን ትራስ ላይ አስቀምጪው እንጂ ረከቦቱ ላይ አታድርጊው። መርከቧ በ1954 መምጣቷን አሁን አውቀሻል፤ ይሁንና እምየ «አሜሪካ ሄዶ» ስትል አታርሚያት። አንዴ ካረምሻት ቀጥሎ ያለውን አትነግርሽም።

መልስ፦ ፎቶ አንሺ፣ ደሴ ፒያሳ

እባክሽን ፎቶውን ከመስታወቱ አትላጪው! እርጥበት ሲነካው የፎቶው ፊት ላይ ያለው ልስን እንደ ሙጫ መስታወቱን ይይዛል፤ ከጎተትሽው ፊታቸው መስታወቱ ላይ ይቀራል። እኔ ሥራ ስጀምር የአንዲት እናት የሠርግ ፎቶ እንዲህ አበላሽቻለሁ፤ እስከ አሁን ይከነክነኛል።

እንዳለ ከነመስታወቱ አንሺው። ጠዋት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስተኝው። ስልክሽን ከላይ ትክክል፣ ሳታዘነብዪ ያዢው። ነጸብራቅ ካለ ከስልኩ በላይ ጥቁር ነጠላ ወይም ጥቁር ጨርቅ ሰው ይዘርጋልሽ። ፍላሽ አይበራ። ቀጥለሽ በጎን በኩል ባትሪ አብርተሽ ሁለተኛ አንሺ፤ የደበዘዘ ጽሑፍ የሚወጣው በጎን ብርሃን ነው። ከዚያ የኋላውን ካርቶን ብቻ ቀስ ብለሽ ክፈቺ፤ የፎቶ ቤት ማኅተምና በእርሳስ የተጻፈ ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው። ተመልሰሽ የምትጽፊበት ከሆነም በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ፊት ለፊት ዘልቆ ይወጣል።

የሐርቡ ልጅ

እንዳልከኝ አደረግኩ፤ አላህ ይስጥህ። በጎን ብርሃን ሲታይ ከትከሻው በላይ፣ ከዜሮው ቀጥሎ የአንዲት ቀጥ ያለች መስመር ጫፍ አለች። ከጀርባው ካርቶኑን ስከፍት ሐምራዊ ማኅተም አገኘሁ፤ የፎቶ ቤቱ ስም ጠፍቷል፣ «ምፅዋ» የሚለው ግን ይነበባል። ከሥሩ በእርሳስ «ጥር 1961፤ እንዳታስቡ» ይላል። የአባባን የእጅ ጽሑፍ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «እንዳታስቡ» የምትለዋ ላይ እርሳሱ ጠብቆ ወረቀቱን ጎድጉዶታል፤ በጣት ይዳሰሳል።

መልስ፦ እህት ከወልዲያ

ስም ላይ ተጠንቀቂ። የእኔ አባት እናቱ ዘንድ ይማም፣ ቀበሌ ዘንድ እማም፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ነው። «ሰይድ»ን አንዱ ጸሐፊ በሰ፣ ሌላው በሠ ይጽፈዋል፤ ሌላው ሰኢድ ይለዋል። ሙሐመድንማ ተዪው። ወሎ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው እስላምም ክርስቲያንም ዘመድ ስላለው ቅጥር ሲሄድ ሌላ ስም ያስመዘገበ ብዙ ነው። ማኅደር ከመጠየቅሽ በፊት የምታውቂያቸውን አጻጻፎች ሁሉ እስከ ወንድ አያት ድረስ በአንድ ወረቀት ጻፊ። መታወቂያው ላይ ያለው መለያ ቁጥር ግን አይለወጥም፤ በእሱ ይፈለግልኝ በይ።

መልስ፦ ኡስታዝ ከደጋን

እህቴ፣ ወረቀቱን አንስተሽ የላክሽውን አየሁት። ዱዓ አይደለም። የእምየ ልብ እንዳይደነግጥ አስቀድመሽ አረጋጊያት፤ ክፉ ነገርም አይደለም። ርእሱ «ዐቅዱ ኒካሕ» ይላል፤ የጋብቻ ውል ግልባጭ ነው። የተጻፈው አደን ከተማ ነው። የሙሽራው ስም አንቺ ከነገርሽኝ ከአያትሽ ታናሽ ወንድም ስም ጋር እስከ ወንድ አያት ይገጥማል፤ መጨረሻው ላይ «አል ሐበሺ» ተጨምሮበታል። በሥራው ቦታ «በሓር» ተብሏል፤ ባሕርተኛ ማለት ነው። ቀኑ ረቢዑል አወል 1416 ነው፤ የመውሊድ ወር። በእኛ የ1987 ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ላይ ይውላል።

ስለዚህ ሰውየው ሰደቃ ከወጣለት በኋላ በሕይወት ነበረ፤ አግብቷልም። ግልባጩን ከመስገጃው ጋር በሐጃጅ የላከው አገር ቤት እንዲታወቅለት ይመስለኛል። የሙሽራይቱና የምስክሮቹ ስም ከሥር አለ። እሱን ግን እዚህ አልጽፈውም፤ አንቺም ፎቶውን እዚህ አትለጥፊው፤ የሰው ቤት ነው። ለአንቺ ብቻ በድምፅ አነብልሻለሁ።

መልስ፦ የአሰብ ልጅ፣ አሁን ኮምቦልቻ

ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔ አሰብ ካምፖ ሱዳን ነው ያደግኩት፤ አባቴ የቦረና ወሎ ሰው፣ ወደብ ላይ ጭነት ያወርድ ነበር። ምፅዋ የካቲት 1982 ከተያዘች በኋላ ባሕርተኞቹ እኛ ሰፈር በዝተው ነበር። ግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ሲወጡ ወንድሜ አብሮ ሄደ። «ኢትዮጵያ»ም የመን ደርሳ እዚያው ቀረች፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

እኔ ወንድሜን ያገኘሁት በቀይ መስቀል ነው። የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያገናኝ አገልግሎት አላቸው፤ በነፃ ነው። ደሴ ካለው ቅርንጫፍ ጀምሪ። ይዘሽ የምትሄጂው፦ የሚፈለገው ሰው ሙሉ ስም ከእናቱ ስም ጋር፣ የተወለደበት መንደር፣ ዕድሜው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታወቀበት ቦታ፣ ፎቶ ካለ ፎቶ። አንቺ ዘንድ ያለው የኒካህ ወረቀት እኔ ከነበረኝ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ከተማ፣ ዘመንና የሚስት ቤተሰብ ይዟል። እሱ ራሱ በሕይወት ባይኖር እንኳ ልጆቹ ሊገኙ ይችላሉ፤ እነሱም እንደሚፈለጉ ግለጪላቸው። የመን ከ2007 ወዲህ ጦርነት ላይ ስለቆየች ፍለጋው ይዘገያል፤ የእኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቷል። በመሃል «አውቀዋለሁ፣ ብር ላኩልኝ» የሚል ሰው በስልክ መጥቶብኝ ነበር፤ አሥር ሺህ ብር ልኬ ጠፋ። አንቺ አትላኪ።

ጡረተኛ ባሕርተኛ፣ ደሴ

የወንድምየውን የባሕር ኃይል ዘመንና የሠለጠነበትን ሙያ ንገሪኝ፤ መድፍ ነበረ ወይስ ሞተር ክፍል? በየዓመቱ የምንገናኝ ሽማግሌዎች አለን፤ የመን ከርመው የተመለሱም አሉበት። ስሙን ለእነሱ ብቻ አነሳለሁ።

የሐርቡ ልጅ

ሞተር ክፍል ነበር ጋሼ። እምየ «እጁ ናፍጣ ይሸት ነበር፣ በሳሙና አይለቅም» ትላለች።

ትናንት ማታ ኡስታዙ የላከልኝን ድምፅ አሰማኋት። አባቴ ነበር፣ አጎቶቼ ነበሩ። አስተማሪው እንዳሉት በበረካው ነው ያደረግኩት፤ ስልኩም ትራስ ላይ ነበር። ኡስታዙ ስሙን እስከ ወንድ አያት ሲጠራ እምየ ስኒዋን አስቀመጠች። ንባቡ እስኪያልቅ ምንም አላለችም። ከዚያ «የሚስቱን ስም ድገሙልኝ» አለች። ሦስት ጊዜ አስደገመችና እሷም ጮክ ብላ ጠራችው። «ያን ጊዜ ሐጅየው ‹ከዘመድ ነው› ሲለኝ የአላህ ዘመድ ማለቱ መስሎኝ ነበር» አለች። ያመጣላት ሰው ግንቦት ላይ ነው የመጣው፣ ባሏ በሞተ በአራተኛ ዓመቱ። ስንቆጥረው 1988 ሆነ፤ ወረቀቱ ከተጻፈ በዓመቱ ማለት ነው።

አጎቴም «ዕድሜውን ዋሽቶ ነው» ማለቱን ትቷል።

ለጡረታ ማኅደሩ ማመልከቻውን በእምየ ስም ጽፌ አውራ ጣቷን አስደርጌያለሁ። የአባባን ስም በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ከመለያ ቁጥሩ ጋር አያይዣለሁ። የመርከብ ምድቡ እስኪመጣ ድረስ በጽሑፌ ላይ «ጥር 1961፣ ምፅዋ፣ ኢትዮጵያ መርከብ ፊት» ብቻ ብዬዋለሁ። ሰኞ ደሴ ቀይ መስቀል እሄዳለሁ፤ ይዤ የምሄደው ግልባጩን ነው። ዋናውን እምየ መልሳ መስገጃው ውስጥ ጠቅልላ፣ ከራስጌዋ ሣጥን አስገብታ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራዋለች።